ዋስ ያልተጠራለት ፕሮግራም

ተረት የሚወድ ይጠጋ፤ የማይወድም ቢሰማ አይጎዳም። ወይዘሮ አልጣሽ አንድ ጀሪካን ውሃ ፈለጉ። ልጃቸው ወልዳለች፤ ቤት ውስጥ ግን ሕፃኑ የሚታጠብበት ጠብታ የለም።

«ቧንቧ ሆይ፣ ኧረ ፍሰስ! ካልፈሰስክ ሕፃኑ አይታጠብም።»

«ሞተሩ ካልገፋ ከየት አባቴ ላምጣ?» አለ ቧንቧው።

ወደ ሞተሩ ሄዱ። «ሞተር ሆይ፣ ግፋ! ካልገፋህ ቧንቧው አይፈስም፤ ካልፈሰሰ ሕፃኑ አይታጠብም።»

«ኮምፒዩተሩ ሳያዘኝ ንቅንቅ አልልም» አለ። ሞተር ጉልበት እንጂ ጭንቅላት የለውም።

ወደ ኮምፒዩተሩ ሄዱ። «ኮምፒዩተር ሆይ፣ እዘዝ! ካላዘዝክ ሞተሩ አይገፋም፤ ካልገፋ ቧንቧው አይፈስም፤ ካልፈሰሰ ሕፃኑ አይታጠብም።»

«ሌባ ከሩቅ ገብቶ ቆልፎኛል» አለ። «ፕሮግራሜን የሸጠው ድርጅት ቀዳዳ ትቶብኛል፤ እሱ ካልደፈነው አልፈታም።»

ወደ ድርጅቱ ሄዱ። «ድርጅት ሆይ፣ ድፈን! ካልደፈንክ ኮምፒዩተሩ አያዝም፤ ካላዘዘ ሞተሩ አይገፋም፤ ካልገፋ ቧንቧው አይፈስም፤ ካልፈሰሰ ሕፃኑ አይታጠብም።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ናሁሰናይ ወንበር ሳቡላቸው። «እናቴ፣ አዝናለሁ። ውላችን ‹ለጉዳት አንጠየቅም› ይላል፤ የውሃ ጽሕፈት ቤታችሁም ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጭኗል። የሚያስገድደን ሕግ የለም፤ ተራ ይጠብቁ።»

ጽሕፈት ቤቱ ውሉን አላነበበም። አንብቦ የሚጫን ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄዱ። «ምክር ቤት ሆይ፣ ደንግጉ! ካልደነገጋችሁ ድርጅቱ አይደፍንም፤ ካልደፈነ ኮምፒዩተሩ አያዝም፤ ካላዘዘ ሞተሩ አይገፋም፤ ካልገፋ ቧንቧው አይፈስም፤ ካልፈሰሰ የልጄ ልጅ አይታጠብም!» ድምፃቸው ተሰበረ። ደክሟቸዋል፤ ተናደዋልም።

ሰብሳቢው አቶ ወንድይፍራው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እትዬ አልጣሽ፣ ብናስገድዳቸው ጥለውን ይሄዳሉ።»

«ልጄ፣ ለበዓል በሬ ስትገዛ ዋስ አታስጠራም?»

«ምን ነካዎት! ዋስማ አስጠራለሁ። በሽተኛ ሆኖ ቢገኝ ማንን ልይዝ?»

«ታዲያ በሬ ሻጮቹ ዋስ ጥሩ ስለተባሉ ገበያውን ጥለው ሄዱ?»

ሰብሳቢው «እውነትዎን ነው» አሉ፤ ይህ በሹመኛ ላይ ብዙ አይታይም።

ያኔ ምክር ቤቱ «ፕሮግራም ሻጭም ዋስ ይጥራ፤ ለቀዳዳው ይጠየቅ» ብሎ ደነገገ። ሲደነግግ ድርጅቱ ተሯሩጦ ደፈነ፤ ሲደፍን ሌባው ወጣ፤ ሌባው ሲወጣ ኮምፒዩተሩ አዘዘ፤ ሲያዝ ሞተሩ ገፋ፤ ሲገፋ ቧንቧው ተንኳኳ፣ ተነፈሰ፣ ፈሰሰ።

ወይዘሮ አልጣሽ ውሃውን ለብ አድርገው ሕፃኑን አጠቡት። እሱ ስለ ሕግ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሪ ብሎ አለቀሰ። ቤቱ ሁሉ እልል አለ።