ፈቲያን ያስቀመጣት እንቁላል

በእኛ ከተማ ጭብጨባ በደመቀበት አዳራሽ አንድ ሰው እጁን ሰብስቦ ከተቀመጠ ማንም ክፉ አያስብበትም። ለእንዲህ ያለ ሰው የምንላት አባባል አለችን። ብዙው ሰው ከጥንት አባቶች የወረስናት ይመስለዋል፤ የመጣችው ግን ከዘምዘም ዶሮ ነው።

ዘምዘም ልብስ ሰፊ ናት፤ የስድስት ዓመት ልጇን ፈቲያን ብቻዋን ታሳድጋለች። ፈቲያ ክፉ ልጅ አይደለችም። ፈጣሪ መቀመጫ የሰጣት ግን ለመነሻ ይመስላል። በትምህርት ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፉን ጥላ ድመት ታባርራለች። አንድ መምህር አርፈው የኅሊና ጸሎት ሲደረግ፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል፣ አሁን አለቀ ወይ ብላ ጠይቃለች። በመጨረሻ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ አሰለፈች ዘምዘምን አስጠርተው ቁርጡን ነገሯት፤ በወላጆች በዓል ላይ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ባሉበት፣ ልጅቷ አንዴ ከተነሳች በመስከረም አንደኛ ክፍል አትመዘገብም። ልጅ ይዞ ሥራ መግባት ደግሞ አይታሰብም። ፈቲያ የሙሽራ ኮት እጅጌ በመቀስ ከቆረጠች ወዲህ እናቷ የምትሰፋበት ሱቅ ባለቤት በሩን እንዳታልፍ ከልክሏታል። ትምህርት ቤት ከሌለ እንጀራም የለም።

ጎረቤት ምክር አይነፍግም። አንዷ ቆንጥጫት አለች፤ ተቆነጠጠች፣ ጮኸች። ሌላዋ ከረሜላ ስጫት አለች፤ ከረሜላው ሲያልቅ መቀመጡም አለቀ። ሦስተኛዋ ከወንበሩ ጋር በነጠላ እሰሪያት ብላ ነበር፤ ዘምዘም ግን ልጇ ወንበሩን ይዛ እንደምትሮጥ ስለምታውቅ ተወችው።

በበዓሉ ጠዋት ፈቲያ ከዶሮዋ ሥር እንቁላል አንስታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ዘምዘም ፈዝዛ ቀረች። ያቺ ቀዥቃዣ እንደ ሙሽራ እርምጃዋን እየቆጠረች ነበር የምትራመደው።

«ስሚ» አለቻት። «ይዘሽው ትሄጃለሽ። በዓሉ እስኪያልቅ ካልተሰበረ ዶሮዋን እናስታቅፋታለን። የሚፈለፈለው ጫጩት ያንቺ ነው።»

«የኔ ብቻ?»

«ያንቺ ብቻ። ከተሰበረ ግን የለም።»

ፈቲያ ተቀመጠች። ኃላፊው አቶ መንግሥቴ ስለ ትምህርት ጥራት አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ። አንዱ ልጅ አንቀላፋ፣ አንዷ ሸናች፣ አባቶች ስልካቸውን ጎረጎሩ። ፈቲያ እጆቿን ከሹራቧ ሥር ገጥማ ንቅንቅ አላለችም። ወይዘሮ አሰለፈች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ደስታቸው ልክ ስላጣ፣ ንግግሩ ሲያልቅ ልጅቷን መድረክ ላይ አወጧትና የትምህርት ቤታችንን ሥነ ምግባር በዚህች እዩ አሉ።

አዳራሹ ለኃላፊው አጨበጨበ። ከፊታቸው የቆመችው ፈቲያ ብቻ እጇን አላወጣችም። ወይዘሮ አሰለፈች ፈገግታቸውን ሳያጥፉ በጥርሳቸው መካከል አጨብጭቢ አሏት። ራሷን ነቀነቀች። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ፤ ሰው ሁሉ እሷን ያይ ጀመር። ዘምዘም ከኋላ ረድፍ ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ ብታጨበጭብ እንቁላሉ ይፈርጣል፤ ባታጨበጭብ ምዝገባው።

«ምነው ልጄ፣ ንግግሬ አላስደሰተሽም?» አሉ አቶ መንግሥቴ እየሳቁ። ሳቁ ከከንፈራቸው አላለፈም።

ፈቲያ ትንሽ አሰበች። ከዚያ እጇን አወጣችና እንቁላሉን መዳፋቸው ላይ አኖረች።

«ያዝልኝ። እንዳትሰብረው፣ ጫጩቴ ውስጡ ነው።»

ልጇ ኃላፊውን አንተ ስትላቸው ዘምዘም ዓይኗን ጨፈነች። ፈቲያ ግን አጨበጨበችላቸው፤ ብቻዋን፣ እስኪበቃት ድረስ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ መንግሥቴም እንቁላሉን አይተው፣ ልጅቷን አይተው፣ አሁን ከልባቸው ሳቁ። ይህችማ በመስከረም አንደኛ ክፍል ናት አይደል ብለው ወይዘሮ አሰለፈችን ሲጠይቁ፣ ሴትየዋ በሦስት መቶ ወላጅ ፊት እንዴታ ከማለት ሌላ ምን ያድርጉ። ዘምዘም ዓይኗን ገለጠች።

ሽልማቱ ተጀመረ። ፈቲያ እጇ ነፃ መውጣቱ ስለጣማት እንቁላሏን መልሱልኝ አላለችም፤ ለተጠራው ሁሉ እየዘለለች ታጨበጭባለች። አንደኛ የወጣው ተማሪ ሲጠራ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አዳራሹን አናጋው። የክብር እንግዳው አቶ መንግሥቴ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል።

ይህን ጊዜ የወላጆች ኮሚቴው ሊቀመንበር ለስላሳ ሲያስጭን ቆይቶ ገና መግባቱ ነበር። የኃላፊውን እጅ ሲያይ ደነገጠና በሩ ላይ የቆሙትን ዘበኛ፣ አያ ይመርን፣ እጅጌያቸውን ያዛቸው።

«አያ ይመር፣ ሰውየውን ምን አስቀየምናቸው? ለአንደኛችን እንኳ ማጨብጨብ እንቢ አሉ እኮ!»

ሁሉን ከመጀመሪያው ያዩት አያ ይመር ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ፣ «ምንም አልተቀየሙም፣ እንቁላል የያዘ አያጨበጭብም» አሉት።