የአንሙት ተረከዝና የልጁ ስም

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ባሕር ዳር ከተማ አንሙት የሚባል ጀልባ ነጂ ነበር። ተሳላሚዎችን ወደ ደሴቶቹ ገዳማት እያመላለሰ ያደገ ነውና ዋና ለእሱ እንደ መንገድ ነው። ብስክሌትም ቢሆን መራመድ ሳይችል የጀመረ ይመስላል። መከራው እግሩ ነበር። እርጥብ እግሩን ያለ ካልሲ ጫማ ውስጥ ከከተተ፣ ብዙ ሳይሄድ ተረከዙ ይላጣል፣ ጣቶቹ ውሃ ይቋጥራሉ።

እርጥብ እግርህን ጫማ ውስጥ ክተት ያለው ማን ነው እንዳትሉኝ። በከተማይቱ በየዓመቱ ሦስት ነገር ያለው ውድድር ይደረጋል። መጀመሪያ ሐይቁን ይዋኛሉ፤ ቀጥሎ በብስክሌት እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሰው ይመለሳሉ፤ በመጨረሻ በሐይቁ ዳር አሥር ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። በመሐል ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። ገላዬን ላድርቅ ያለ ሰው ቀረ ማለት ነው።

አንሙት በመጀመሪያው ዓመት ካልሲ ይዞ ገባ። ከብስክሌቱ ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ አለና ካልሲውን ማጥለቅ ጀመረ። እርጥብ እግር ላይ ካልሲ መቼ በዋዛ ይገባል! ጣቱ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። ሲጎትተው ተረከዙ በላይ ሆነ፣ ሲያቃናው ሌላኛው ጠፋበት። እሱ ከካልሲው ጋር ሲታገል ሃያ ሰው አልፎት ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ካልሲ ምን ሊያደርግልኝ ብሎ ባዶ እግሩን ጫማው ውስጥ ከተተ። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን መንገድ ዳር ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና በባጃጅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በካልሲም ሆነ ያለ ካልሲ፣ ዞሮ ዞሮ መቀመጡ አልቀረለትም።

ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። «አረፍ በል» የሚል ስም አወጡለት። በመንገድ ሲያልፍ በርጩማ የሚያቀርቡለት ነበሩ። ሰው ቤት ሲገባ ባለቤቶቹ በቅን ልብ አረፍ በል ሲሉት እንኳ ፊቱ ይቀላል፤ ቆሞ ምሳ የበላባቸው ቤቶች አሉ። ይህንንስ በቻለው። ነገር ግን ሚስቱ ትርንጎ አረገዘች፤ አንድ ቀንም ወደቡ ላይ ጓደኞቹ «የአረፍ በል ልጅ መቼ ነው የሚወለደው?» ሲባባሉ ሰማቸው። ያን ቀን አንሙት ከልቡ አዘነ። በእኛ አገር ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የአባቱን ስም አስከትሎ ነው የሚጠራው። ያ ምስኪን ገና የራሱ ስም ሳይወጣለት፣ የአባቱ ስም ቀድሞ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

ማግሥቱ እሑድ ነበርና ቤተሰቡ ለምሳ ተሰብስቦ ሳለ አንሙት ከማዕዱ ተነሥቶ ቆመ።

«ዘንድሮ ሳልቀመጥ እንድጨርስ ያደረገኝ ሰው የልጄን ስም ያወጣል» አለ። «ብቻውን ያወጣል።»

ትርንጎ ከምግቡ ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ይህችን ዝምታዋን ያዙልኝ።

ሦስት ሰዎች ግን ጆሯቸው ቆመ። አንደኛው ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ሞላልኝ ነው፤ ጫማ ሰፊ ነው፣ ካገባ ሃያ ዓመት ቢሆነውም እግዜር ልጅ አልሰጠውም። በሕይወቱ ስም ያወጣው ለመዶሻው ብቻ ነው። ሁለተኛዋ አማቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ አምስት ሴቶች ልጆች ወልደው፣ ይወለዳል ላሉት ወንድ ልጅ ያሰቡትን ስም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል። ሦስተኛዋ ታናሽ እኅቱ ዝና ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የቤቱ ትንሽ ስለሆነች ማንም አይሰማትም፤ የግቢውን ውሻ እንኳ ስም ያወጡለት ሌሎች ናቸው።

ጋሼ ሞላልኝ ጥፋቱ የጫማው ነው አለ። ጫማውን ወስዶ የውስጡን ገበር በሙሉ ገነጠለ፣ እግር የሚነካውን ስፌት ፈትቶ በውጭ በኩል መልሶ ሰፋው፣ ውሃ እንዲወርድም ሶሉን በወስፌ በሳሳው። ጫማው ሲያልቅ ውስጡ አንድም የሚቆረቁር ነገር አልነበረበትም፤ ግን ለእግሩ ሰፊ ሆነ። ለአንሙት ሰጥቶ ለማንም እንዳይናገር አስማለው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደግሞ ጫማ ምን አደረገ፣ ጥፋቱ የቆዳው ነው አሉ። የበግ ሞራ አቅልጠው ከንጹሕ ሰም ጋር ለወሱ፤ ይህን የተቀባ እግር ውሃም አያርሰው፣ ጫማም አይልጠው ብለው። በውድድሩ ቀን ማለዳ አማቻቸውን ከአንድ ዋርካ ጀርባ ጠርተው ከተረከዙ እስከ ጣቱ መሐል ለቀለቁት። እሳቸውም አስማሉት። አንሙት ለሚጠይቀው ሁሉ የሚምል ሰው ነበር።

ዝና ግን ማንንም አላስማለችም፤ ጥፋቱ የእርጥበቱ ነው ብላ ብቻዋን ጨርሳዋለች። ለሚወለደው ሕፃን ብላ የገዛችውን ፓውደር ይዛ መጣችና ዋናው ሲጀመር፣ ሰው ሁሉ ወደ ሐይቁ ሲያይ፣ ጫማዎቹ ወደተደረደሩበት ሄደች። ጥቂት መነስነስ ሲገባት መቆጠብ አቃታትና ቆርቆሮውን ሙሉ ገለበጠችው። ግማሹ በቀኝ ጫማ፣ ግማሹ በግራ ገባ።

አንሙትም የራሱ ምሥጢር ነበረው። ጫማውም ሞራውም ባይሆኑስ ብሎ አንድ አዲስ ካልሲ በፌስታል ጠቅልሎ ከብስክሌቱ ኮርቻ ሥር አስሮ ነበር። ለክፉ ቀን።

ውድድሩ ተጀመረ። አንሙት ከውሃው በስድስተኛነት ወጣ፣ ከብስክሌቱ በአምስተኛነት ወረደ። ጫማውን አየ፣ ፈራ፣ እጁን ከኮርቻው ሥር ሰደደ። ፌስታሉ የለም። ሌባውን ይንቀለው ብሎ ተራገመና፣ ሌላ አማራጭ ስላልነበረው በቁሙ እግሩን ጫማው ውስጥ ሰደደው። ሞራው አንሸራቶ አስገባለት። ከጫማውም ነጭ ብናኝ ቡን ብሎ ወጣ።

የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር እግሩ በሰፊው ጫማ ውስጥ እየዋለለ ሮጠ። በእያንዳንዱ እርምጃ ነጭ ነገር ስለሚቦንን፣ ተመልካቹ የሰውየው ጫማ ጨሰ ብሎ በጀሪካን ውሃ ይደፋበት ጀመር። ያኔ ጉድ ፈላ። ፓውደሩ በውሃው ራሰ፣ ከሞራው ጋር ተቦካ፣ ሊጥ ሆነ። ሊጡ ገበሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ ሞልቶ እግሩን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ የተረፈው በሶሉ ቀዳዳ እየወጣ ከኋላው አስፋልቱን ነጭ በነጭ አደረገው። አንሙት የሚያመውን ቦታ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።

የሞራው ሽታ የጠራው አንድ ውሻ ደግሞ ከአምስተኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ተረከዙን እየላሰ ተከተለው።

ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ አምና የተቀመጠበት ቦታ ሲደርስ፣ የሰፈሩ ሰዎች መንገዱ መሐል ወንበር አስቀምጠው ጠበቁት። ትራስም አልቀረውም። ግራና ቀኝ ቆመው አረፍ በል፣ አረፍ በል እያሉ ይስቃሉ። እውነቱን ለመናገር ደክሞት ነበር፤ ወንበሩም አምሮታል። ወንበሩን አየው፤ ሊወለድ ያለው ልጁ ትዝ አለው፤ ዞር ሲልም ውሻው አለ። ወንበሩን አለፈው።

አራተኛ ወጣ። ለአራተኛ ሽልማት የለም፤ ግን አንደኛ ማን እንደወጣ የጠየቀም አልነበረም። ሰው ሁሉ እግሩን ለማየት ከበበው። በወንድሙ ትከሻ ተደግፎ በቁሙ ጫማውን አወለቀ፤ ሊጡን በውሃ አጠቡለት። አልተላጠም፣ ውሃም አልቋጠረም። ከዚያ ከወደቡ ሰዎች አንዱ ጠጋ ብሎ «አንሙት፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለው። በዓመቱ ስሙን ሰማ፤ እንባውም መጣ።

በስድስተኛው ቀን ትርንጎ ወንድ ልጅ ወለደች። ጠቡም ከልጁ ጋር አብሮ ተወለደ።

ጋሼ ሞላልኝ ስሙ ቁምላቸው ይባላል አለ። ገበሩን ባልገነጥለው ሊጡ የት ይገባ ነበር? ቀዳዳውን ባልበሳሳለትስ ገና በሁለተኛው ኪሎ ሜትር ጫማው አይፈነዳም ነበር? ብሎ ተሟገተ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የለም፣ ደረሰ ነው የሚባለው አሉ። ያ ሰፊ ጫማ ያለ ሞራ ተረከዙን ይፈጨው ነበር፤ የልጅቱም ዱቄት ያለ ሞራ በውሃው ታጥቦ ይሄድ ነበር፤ ደግሞስ ውሻውን የጠራው የማን ሞራ ነው? ዝና ደግሞ ናሆም አለች። ሞራ ብቻውን እግርን ያንሸራትታል፣ ጫማውም ብቻውን ታንኳ ነበር፤ ሁለቱን ያያዘው የእኔ ፓውደር ነው አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ስም ላውጣ ያላለ ውሻው ብቻ ነበር።

ልጁን የሚያጠምቁት መምሬ ይታየው ሊያስታርቁ መጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሏቸው። እነሱ ግን ስም እንደ ሎሚ አይታደልም አሏቸው። እንግዲያው ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢሉ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ «መልአኩም ቢሆን ሞራ አልቀባም» አሉ። መምሬ ተናደው የክርስትናውን ስም እኔ አወጣለሁ፣ የዓለሙን ስም ግን ሳትስማሙ ደጄን እንዳትረግጡ ብለው ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ለነገ ክርስትናው ጠላው ተጠምቋል፣ ልጁ ግን ማሙሽ ነው። ሦስቱ አንሙትን ከበው ዛሬ ፍረድ ሲሉት ትርንጎ ሕፃኑን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች፤ መጠቅለያውንም ገለጥ አደረገችው። ልጁ እስከ ጭኑ የደረሰ ትልቅ ካልሲ አጥልቋል።

አንሙት ካልሲውን ወዲያው ዐወቀው።

«ሌባው እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ። «ሲያስረው አይቼ ከኮርቻው ሥር የፈታሁት እኔ ነኝ። ቢያገኘው ኖሮ ለማጥለቅ ይቀመጥ ነበር። ጫማችሁም፣ ሞራችሁም፣ ፓውደራችሁም ለቆመ ሰው ነው የሚሠሩት። መውለዴን አልቆጥረውም፤ እሱ ያለው ሳልቀመጥ እንድጨርስ ያደረገኝ ነው፤ መቀመጡን ያስቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሦስቱም በአንድ አፍ ጮኹ። እኛ ሠራን፣ እሷ ወሰደች፤ መስረቅም ሥራ ሆነና ነው ወይ ስም የሚያስወጣው አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ አንሙት ዞሩ። አራቱንም ይወዳቸዋል፤ እንደዚያ እንደ ስድስተኛው ኪሎ ሜትርም ወንበር አማረው። ትርንጎ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችለትና ቀስ ብላ፣ «አረፍ በልና ፍረድ» አለችው።

አንሙትም ሳያፍር ተቀመጠ።

ምን ብሎ እንደፈረደ የነገረኝ የለም፤ ቢነግሩኝም አልነግራችሁም። እናንተም ተቀምጣችኋልና ፍረዱ። መምሬ በማለዳ ይጠብቃሉ፤ ልጁም ካልሲውን እየረገጠ ያለቅሳል። ጫማውን የፈታው፣ እግሩን የቀባችው፣ ፓውደሩን የገለበጠችው፣ ወይስ ካልሲውን የሰረቀችው፤ ለዚህ ልጅ ስም ማውጣት የሚገባው ለማን ነው?