መቀርቀሪያው ዶሮ ቤት ነው

ይህን ነገር የውብዳር ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። ለእናቷ አልነገረችም፤ ለነፍስ አባቷ አልነገረችም፤ አጠገቧ ለሚተኛው ለባሏ ለአየልኝማ ጭራሽ አልነገረችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖረች። ምስጢሩ ትልቅ አይምሰላችሁ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ነው፤ ቀይ እጀታም አለው። ግን እንዴት እንደሚቆረቁር ልንገራችሁ።

የውብዳር የሒሳብ አስተማሪ ናት። ስድሳ ተማሪ ፊት ስትቆም ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ ከክፍል ከወጣች ግን ዓይነ አፋር ናት። የምትኖረው ደሴ ውስጥ፣ ሁለት ቤትና አንድ ሽንት ቤት ባለው ግቢ ነው። በአንደኛው ቤት እሷና አየልኝ አሉ፤ በሌላው ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሹፌር ጋሽ ወንድይፍራው ብቻቸውን ይኖራሉ። የውብዳር ከዚህ ዓለም የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ለሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ።

መቀርቀሪያ ነበረው እኮ! ከአራት ወር በፊት አየልኝ ነቅሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የውብዳር ስትገባ በአንድ እጇ በሩን ትይዛለች፤ ሰው እንዳይመጣባት ደግሞ ጮክ ብላ ታባዛለች። መዝፈን ታፍራለች፤ ማሳል ብዙ አያስኬድም፤ ስለዚህ "ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት" ትላለች። አየልኝ ይሄ ያስቀዋል። "ዛሬ እስከ ሰባት ጊዜ ስምንት ደረስሽ፤ ምን በልተሽ ነው?" ይላታል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ዝም ብላ ገባች። ጋሽ ወንድይፍራው በሩን ከፈቱት። ምስኪን ሽማግሌ! "ይቅርታ መምህርት! ዓይኔ ደካማ ነው! ምንም አላየሁም!" እያሉ እስከ ቤታቸው ሮጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውብዳር ጠዋት ጠዋት ውኃ መጠጣት ተወች። የተማረች ሴት፣ በገዛ ግቢዋ፣ ጣት በምታህል ብረት ምክንያት ውኃ ይጥማት!

አየልኝ ክፉ ሰው አይደለም። መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከሥራ ሲወጣ ግን ዕቃ ይጠግናል። መጠገን ነፍሱ ነው። የራሱም ዘዴ አለው። አንድ ነገር ሲጎድል ሱቅ አይሄድም፤ ከሌላው ነቅሎ ይሞላል። "ቤት ውስጥ እያለ ለምን ይገዛል?" ይላል። የውብዳር አንድ ጊዜ አዲስ መቀርቀሪያ ገዝታ ብትመጣ፣ "እኔ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?" ብሎ ሱቅ ድረስ ሄዶ መለሰው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የውብዳር ፊቱ ቆመች።

"አየልኝ፣ ነገ የማኅበር ተራዬ ነው። አሥራ አንድ ሴት ይመጣል። ሁሉም ሊያባዙ ነው? መቀርቀሪያዬን አምጣ።"

"አለ እኮ! ዶሮ ቤት ነው።"

ሄዳ አየች። እውነት ነው። አራት ዶሮዎች በክብር ተቀርቅሮላቸው ተቀምጠዋል። ዶሮ የሚያፍረው ምን አለው?

"ንቀልልኝ!" አለች።

"ብነቅለው ይወጣሉ። የዶሮ ቤቱ ማሠሪያ ሽቦ ነበር፤ ሽቦው ኩሽና መስኮት ላይ ነው።"

ስለዚህ በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ መቀርቀሪያው ዶሮ ቤት ነው፤ ዶሮ ቤቱም "ሽቦዬ ካልመጣ መቀርቀሪያውን አልለቅም" አለ።

የውብዳር ወደ ኩሽናው መስኮት ሄደች። ሽቦው መስኮቱን አንቆ ይዞታል።

"ፍታው!"

"ብፈታው በነፋስ ይላተማል፤ መስተዋቱ ይረግፋል። መስኮቱ መንጠቆ ነበረው፤ መንጠቆው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። የውቤ፣ ዕቃ እኮ ይዘዋወራል እንጂ አይጠፋም!"

ራሱን እያሞካሸ ነው የሚናገረው፤ ኮርቶ! በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ መቀርቀሪያው ዶሮ ቤት ነው፤ ዶሮ ቤቱ "ሽቦዬ ካልመጣ መቀርቀሪያውን አልለቅም" አለ፤ ሽቦው መስኮት ላይ ነው፤ መስኮቱም "መንጠቆዬ ካልመጣ ሽቦውን አልለቅም" አለ።

ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። መንጠቆው የተንጋደደውን የቁም ሣጥን በር ጎትቶ ይዞታል። ነካ ስታደርገው በሩ ሙሉ በሙሉ ደረቷ ላይ ወደቀ።

"ማጠፊያውስ? የላይኛው ማጠፊያ የት ገባ?"

"መሰላሉ ላይ" አለ አየልኝ በሩን እየተቀበላት። "አንቺ ልብስ ለማውጣት አንድ ማጠፊያ ይበቃሻል። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ብወድቅ ግን ያለ ባል ትቀሪያለሽ።"

"ብቀር መቀርቀሪያ ይኖረኝ ነበር" አለች የውብዳር በሆዷ፤ ግን ጮክ ብላ አላለችውም። ጮክ ብላ ያለችው "ና እንሂድ!" ነው።

መሰላሉ ሁለት እግር ያለው፣ ሲፈልጉ የሚዘረጋ ነው። እግሮቹ አናታቸው ላይ በአንድ ረጅም ብሎን ይያያዙ ነበር፤ አሁን ግን የቁም ሣጥን ማጠፊያ በሚስማር ተመትቶባቸዋል። ብሎኑስ? ብሎኑ ማራገቢያው ውስጥ ነው። እንግዲህ በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ መቀርቀሪያው ዶሮ ቤት ነው፤ ዶሮ ቤቱ ሽቦውን ይላል፤ ሽቦው መስኮት ላይ ነው፤ መስኮቱ መንጠቆውን ይላል፤ መንጠቆው ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ቁም ሣጥኑ ማጠፊያውን ይላል፤ ማጠፊያው መሰላል ላይ ነው፤ መሰላሉም "ብሎኔ ካልመጣ ማጠፊያውን አልለቅም" አለ።

አሁን የውብዳር ጆሮዋ ጋለ። ማራገቢያውን ማየት አትወድም። ሳሎን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ አየልኝ ከሰርዲን ቆርቆሮ ክንፍ ቀዶ የሠራው ማራገቢያ ነው። ደሴ ውስጥ! ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ በሚያድርበት አገር! ሲሰካ ሦስት ጊዜ ዞሮ ያርፋል። ሞተሩ ደግሞ የማን ነው? የእሷ የስፌት መኪና ሞተር ነው። ከኮሌጅ ስትመረቅ አባቷ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡላት የስፌት መኪና! "ለሁለት ቀን ብቻ" ብሎ ነበር የወሰደው።

"ብሎኑን ፍታው" አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

"በምን? በጥርሴ? ካቻቢቴዬ የት አለና! ሽቦውን በፒንሳ፣ ሚስማሩን በመዶሻ እነቅልልሻለሁ። ይሄ ግን በራሴ እጅ የጠበቀ ብሎን ነው፤ ያለ ካቻቢቴ ንቅንቅ አይልም።"

"ሌላ ካቻቢቴ ግዛ!"

"በፍጹም! የአባቴን ካቻቢቴ የወሰደው ያ ሹፌር ነው። በዚህ ግቢ ከእኔ ሌላ ብረት የሚያውቅ ማን አለ? አዲስ ብገዛ እሱ ሰረቀኝ፣ እኔም መረቅሁለት ማለት ነው። ይመልሳታል!"

ይህን ብሎ ጃኬቱን ለበሰና አንድ ወዳጁ ዘንድ የተቃጠለ ካውያ ሊያይ ወጣ። በመንገዱ ጋሽ ወንድይፍራው "እንደምን አደርክ አየልኝ?" አሉት። አልመለሰላቸውም። ሦስት ዓመት አልመለሰላቸውም፤ ሦስት ዓመት ግን አንድ ቀን ሳይዘሉ "እንደምን አደርክ" ብለውታል።

የውብዳር ሳሎኑ መሐል ብቻዋን ቀረች፤ በንዴት ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። መቀርቀሪያው ዶሮ ቤት ነው። ዶሮ ቤቱ ሽቦውን ይላል፤ ሽቦው መስኮት ላይ ነው። መስኮቱ መንጠቆውን ይላል፤ መንጠቆው ቁም ሣጥን ላይ ነው። ቁም ሣጥኑ ማጠፊያውን ይላል፤ ማጠፊያው መሰላል ላይ ነው። መሰላሉ ብሎኑን ይላል፤ ብሎኑ ማራገቢያው ውስጥ ነው። ማራገቢያው ካቻቢቴውን ይላል። ካቻቢቴው...

ካቻቢቴው የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው። የስፌት መኪናው የእሷ ነው። መሳቢያው ውስጥ፣ ከቁልፎቹና ከክር ጥቅሎቹ በታች የደበቀችውም እሷ ናት።

ንዴቷ ግቢውን በሙሉ ዞሮ ተመልሶ ራሷ ላይ ቆመ።

የዚያን ጊዜ፣ ሞተሩን በፈታባት ቀን፣ አፏ "እሺ" አለ። አባቷን አስባ ልታለቅስ ነበር፤ አፈረችና "እሺ" አለች። ማታ እጇ ግን ካቻቢቴውን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ለአንድ ቀን ነበር፤ ይፈልግና ይናደድ ብላ ነው። በማግስቱ ልታወጣው ስትል አየልኝ "ሹፌሩ ነው!" ብሎ ተነሣ። ያኔ መናገር አሳፈራት። በሳምንቱ የባሰ አሳፈራት። በዓመቱማ እንዴት ብላ! አየልኝም የዘረፈውን መኪና ማየት ስለሚከብደው መሳቢያውን ከፍቶት አያውቅም። ብሎኑ ማራገቢያው ውስጥ ታስሮ ስለቀረ ከመሰላሉ ጀምሮ አንዱ የሌላውን እየወሰደ እየወሰደ መጨረሻ ላይ ሽንት ቤቱ ጋ ደረሰ። ሽንት ቤቱ ደግሞ የሚወስደው ሲያጣ የእሷን እጅ ወሰደ።

"በቃ!" አለች የውብዳር፤ ባዶ ቤት ውስጥ፣ በክፍል ድምፅዋ።

መሳቢያውን ሳበች። ቀይ እጀታው እንዳለ ነው። ካቻቢቴው ብሎኑን ዞር ሲያደርገው ማራገቢያው ብሎኑን ለቀቀ፤ መሰላሉ ብሎኑን ሲያገኝ ማጠፊያውን ለቀቀ፤ ቁም ሣጥኑ ማጠፊያውን ሲያገኝ መንጠቆውን ለቀቀ፤ መስኮቱ መንጠቆውን ሲያገኝ ሽቦውን ለቀቀ፤ ዶሮ ቤቱ ሽቦውን ሲያገኝ መቀርቀሪያውን ለቀቀ። አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታች፤ አንዲት ዶሮ አምልጣት እስከ አጥሩ አሯሯጠቻት፤ ግን አሥር ሰዓት ሳይሞላ መቀርቀሪያው በቦታው ነበር። የፈታችውን ሞተር በፎጣ ጠቅልላ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

አየልኝ ሲመጣ በመጀመሪያ ማራገቢያውን አጣ።

"ማራገቢያዬስ?"

"ሞተሩ የእኔ ነው" አለች የውብዳር። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴውን አየ። አነሣው፤ ገለበጠው፤ ሳመው። "መለሰው! አላልኩሽም? ሦስት ዓመት ቢፈጅም መለሰው!"

የውብዳር አፏን ከፈተች። እሱ ግን አልጠበቃትም፤ ደጅ ወጥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተጣራ።

"ጋሽ ወንድይፍራው! ይቅር ብዬዎታለሁ!"

ሽማግሌው ብቅ አሉ። "ምን አድርጌ ልጄ?"

"እሱን እርስዎ ያውቁታል! እኔ ግን ቂም አልይዝም!"

ጋሽ ወንድይፍራው ጥቂት ቆመው አሰቡ፤ ያደረጉትን ፈለጉ፤ አጡት። "እንግዲያስ እግዜር ይስጥህ" ብለው በራቸውን በቀስታ ዘጉ።

ይቅር አላቸው! ልብ በሉ! ምንም ያልሰረቁትን ሽማግሌ ይቅር አላቸው! የውብዳር ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ በማን እንደተናደደች ግን ራሷም አላወቀችም። መቀርቀሪያዋን አግኝታለች፤ ያን ማታ ግን ውኃ አልወርድላት አለ።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ማኅበርተኞቹ ሳይመጡ፣ የውብዳር ሁለት ብርጭቆ ውኃ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ መቀርቀሪያውን ወደ ቀኝ ገፋችው። ቀጭ አለ። በልማድ "ሁለት ጊዜ" ብላ ጀምራ ዝም አለች። ሁለቱም እጆቿ ባዶ ነበሩ፤ የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

ስትወጣ ጋሽ ወንድይፍራው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

"መምህርት፣ ደህና አይደለሽም እንዴ? ማባዛቱ ሲጠፋብኝ አሟት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።"

የውብዳር ቤት ገብታ ካቻቢቴውን ይዛ ተመለሰች። አየልኝ ቧንቧው ጋ ቆሞ ጥርሱን ይቦርሻል። አንገቷን ደፍታ እስከ ሽማግሌው ደጅ ሄደች፤ ደርሳ ቀና አለች።

"ጋሽ ወንድይፍራው፣ አየልኝ ይሄን ወሰዱ ብሎ ነው ሦስት ዓመት ሰላምታ የከለከለዎት። እርስዎ አልወሰዱትም። የደበቅሁት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ካቻቢቴውን አዩ፤ እሷን አዩ። "ለዚህች ነው?" አሉ። "እኔማ ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ስንት ስለት ተሳልኩ መሰለሽ!" ይሳቁ ያልቅሱ አልታወቀም።

ቧንቧው ጋ የብሩሹ ድምፅ ቆመ። አየልኝ አፉ በአረፋ እንደተሞላ ዞሮ ያያታል።

የውብዳር ምናልባት በደንብ አልሰማ እንደሆነ ብላ፣ በክፍል ድምፅዋ፣ ስድሳ ተማሪ እንደሚሰማው አድርጋ ደግማ ተናገረችው።