ለእርቅ የተጎሰመው ነጋሪት

የእመቤታችንን ስም ስትሰሙ ልባችሁ የሚሞቅ ምእመናን ሆይ፣ ለአንድ ነጋሪት ሠሪ ያደረገችለትን እንነግራችኋለንና ጆሯችሁን አዘንብሉ።

ይህ ሰው ዘድንግል ይባል ነበር፤ ነሐስ ቀጥቅጦ፣ የበሬ ቆዳ ወጥሮ የሚኖር ሲሆን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያደርስ መዶሻም ሆነ ወስፌ ላይነካ ተስሎ ነበር። በዚያም ወራት ሁለት ወንድማማች መኳንንት በርስት ተጣልተው ብዙ ደም ፈሰሰና የአገሩ ገዥ በብዙ ምክር አስታረቃቸው፤ «ነገ በቀትር ሠራዊታችሁን ይዛችሁ በሜዳው ቁሙ፤ እርቁ በአባታችሁ ነጋሪት ይታወጃል» አላቸው። ነጋሪቱን የተሸከመችው በቅሎ ግን በወንዙ መሻገሪያ አዳልጧት ወደቀችና ነሐሱ ተሰነጠቀ፣ ቆዳውም ተቀደደ። ገዥውም ነጋሪቱን ወደ ዘድንግል ልኮ «ነገ በቀትር ባይጮህ እጅህን አስቆርጣለሁ» አለው።

ዘድንግልም ስንጥቁን በነሐስ ቁራጭ ደግፎ በምስማር መታና የተነከረ ቆዳ በላዩ ዘርግቶ በጠፍር ወጠረው፤ ቆዳው ግን ሊደርቅ የሦስት ቀን ፀሐይ ይሻ ነበር። በነጋም ጊዜ ጉም አገሩን ሸፈነው። ወደ እሳት ቢያስጠጋው ጠርዙ ይኮማተር ጀመርና ደንግጦ መለሰው።

ሚስቱ ወለተ ሐናም «አንተ ሰው፣ ተነሥ እንሽሽ!» አለችው።

«እኔ ብሸሽ እጄ ይተርፍልኛል፤ ሁለቱ ሠራዊት ግን ነጋሪቱን ካልሰሙ ‹ተከዳን› ብለው ይተላለቃሉ። ወንድምሽም ከመካከላቸው ቆሟል» አላት።

እርሷም ጎንበስ ብላ ነጋሪቱን በአንድ ወገን ያዘች። ከዚያም ለሁለት ተሸክመውት ወደ ሜዳው ወረዱ።

በሜዳውም ከጉሙ ጽናት የተነሣ አንዱ ወገን ሌላውን አያይም ነበር። በግራ በኩል ፈረስ ደንብሮ ጮኸ፤ በቀኝ በኩልም «ተከበብን!» የሚል ድምፅ ተሰማና ሰይፎች ከሰገባቸው ይወጡ ጀመር።

ገዥውም «ምታ!» አለው።

«ጌታዬ፣ ገና እርጥብ ነው።»

«ምታ ብያለሁ!»

ያን ጊዜ ዘድንግል በቆዳው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ «እመቤቴ ሆይ፣ ስለ እጄ አልለምንሽም፤ ስለ እነዚህ ነፍሳት ወደ ልጅሽ አማልጂ» ብሎ አለቀሰ። ወዲያውም ብርሃን የለበሰች ሴት በአጠገቡ ቆማ አየ፤ ከእርሱም በቀር ያያት አልነበረም። እርሷም እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስስ ቆዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ እንፋሎት ወጣ፣ ጠፍሮቹም ሲጠብቁ ተንቋቁ። ዘድንግልም በሙሉ ኃይሉ መታው።

ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ሜዳውን መላውና ጉሙ ተገፎ ሄደ። እነሆም ሁለቱ ወንድማማቾች ሰይፍ መዘው በሦስት እርምጃ ርቀት ተፋጠው ነበር። ታናሹ ሰይፉን ጥሎ በታላቁ አንገት ላይ ወደቀ፤ አዋጁም ገና ሳይነገር ሠራዊቱ ሁሉ አለቀሰ። ገዥው ከበቅሎው ወርዶ ዘድንግልን ይቅርታ ለመነው፤ እርሱ ግን «የመታሁት እኔ ነኝ፤ ያናገረችው እመቤቴ ናት» አለና ከሚስቱ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እየሰገደ አመሰገነ።

ይህን ያነበበውንም የሰማውንም በምልጃዋ ትጠብቀው፤ ከወንድማችን ጋር ያለንንም ቂም ከልባችን ታውጣልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።