በሞቴ ባይዋ የሐይቅ እመቤት

ተረት ተረት!
«የላም በረት!»
ኧረ ድምፃችሁን ምን ዋጠው? እኔ ነኝ የራበኝ ወይስ እናንተ? አሁንም ተረት ተረት!
«የላም በረት!»
እሰይ! እንደሱ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጥላዬ ይባላል። የእንጉዳይ እኅት ቆላ ወርዳ ሞተችና ለቅሶ ሊደርሱ ተነሡ። እንጉዳይም ቆላው ንዳድ ነው ብላ ሕፃን ልጇን ለአማቷ ተወችላት። አማቷም፦ «ላሚቱ እየነጠፈች ነው። ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ነፍሱ ባንቺ እጅ ናት» አለቻት።

ለቅሶውን ደረሱና የመልስ መንገድ ጀመሩ። መንገድ ላይ ሳሉ ሦስተኛው ቀን ጠባ። ጡቷም አጋተና ይነዝራት ጀመር። ጥላዬ፦ «በገደሉ በኩል ብናቋርጥ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንገባለን» አለ። አቋረጡ።

ገደሉን ወርደው ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ኧረ ምኑን ልንገራችሁ! እንዲያ ያለ ቦታ ዓይን አይቶ አያውቅም። ሐይቁ የጤፍ ቡቃያ መስሏል። ፏፏቴው ከሦስት ወገን ይወርድበታል። ቀጋው አብቦ ዳሩን እንደ ነጠላ አልብሶታል። ግን ጭር ያለ ነው። ወፍ የለ፣ ጦጣ የለ። ዛፎቹም አንዱ እንደ ሽማግሌ ጎብጧል፣ አንዷ እንደ እናት እቅፏን ዘርግታለች። እነሱ ልብ አላሉትም።

ከዚያም ከውኃው አንዲት እመቤት ወጣች። ፀጉሯ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል። በእጇ እሸት ማር ይዛለች።
፦ «እንግዶቼ! ቅመሱልኝ።»
፦ «እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ። ልጅ ትቻለሁ፣ እቸኩላለሁ» አለች እንጉዳይ።
፦ «በሞቴ! አንድ ጉርሻ ብቻ።»

እህ! በሞቴ ተብሎ እምቢ ይባላል? ሙቺ ማለት አይደል! ጎረሱ። ወዲያው ጥላዬ፦ «በየት ነበር የመጣነው?» አለ።

፦ «አንድ ጉርሻ ያጣላል። በሞቴ ድገሙ!»

ደገሙ። ጥላዬ ሚስቱን አፍጥጦ አያትና፦ «አንቺ፣ ማን ነበር ስምሽ?» አለ።

እሷም ስሟ ጠፋት። ጡቷ ግን አልረሳም። ወተቱ ፈስሶ ቀሚሷን አራሰና ነዘራት። «ልጄ!» አለች። ዝቅ ብትል ከጥላዬ ተረከዝ ነጭ ሥር ወጥቶ አፈሩን ይምሳል። ቀና ብትል የጎበጠው ዛፍ ዓይን አለው። እንባ ያወርዳል! ፀሐይዋም አዘንብላለች።

፦ «ሦስተኛዋን በሞቴ!» ማሩ ከንፈሯ ደረሰ።

ብትሮጥ ባሏ ይቀራል። ብትጎርስ ልጇ ይሞታል። እንጉዳይ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።
፦ «እሺ እመቤቴ። ይቺ ግን የስንብት ናት። የስንብት ጉርሻ በሽኝት ነው። በመንገዳችን ያለው ጉብታ ላይ ያጎርሱናል። በሞቴ ይሸኙን!»
እመቤቲቱ ደነገጠች።
፦ «እኔ? ከሐይቄ ወጥቼ አላውቅም!»
፦ «በሞቴ አልኩ! እንግዳ የማይሸኝ ቤት ምን ቤት ነው? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ለካስ እሷን በሞቴ ያላት ሰው አልነበረም! ይሉኝታ ያዛት። አንድ እግሯን አነሣች። የጥላዬ ሥር ቀጭ! ብሎ ተበጠሰ። ጥላዬም፦ «ወየው እግሬን!» እያለ ተከተለ።

ጥቂት ሄዳ፦ «ይብቃኝ፣ ልመለስ» አለች።
፦ «እስከዚያች ድንጋይ፣ በሞቴ!»
ድንጋይዋ ጋ ደረሱ።
፦ «አሁንስ?»
፦ «እስከ ጉብታው ጫፍ ብቻ፣ በሞቴ!»

ቀሚሷ ይንጠባጠባል፣ ውኃውም ይከተላታል። ፀሐይዋ ጣት ያህል ቀርታታለች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ እመቤቲቱ ማዶውን አየች። መሬቱ ቀይ ነው፣ ተሰነጣጥቋል። ከብቱ አጥንቱ ወጥቷል። ከራሷ ሐይቅ በቀር ያየችው አልነበረማ!
፦ «እንዲህም ያለ አገር አለ?» አለች። ማሩ ከእጇ ወደቀ። አዘነችለትና ከፀጉሯ ጀምሮ ውኃ ሆና እንደ ወንዝ ቁልቁል ፈሰሰች። ከኋላም ዛፎቹ ሰው ሆነው «እኔን! እኔን!» እየተባባሉ ተነሡ።

እንጉዳይና ጥላዬ ከወንዙ ጋር እየተሽቀዳደሙ ሮጡ። ሲገቡ ሕፃኑ ዝም ብሏል። አማቷ ፊቷን ሸፍናለች። እንጉዳይ ቀማቻትና ጡቷን ከንፈሩ ላይ አደረገች። ዝም። ወተቱን ጠብ አደረገችለት። አሁንም ዝም። ከዚያም... ሳበ! ሳበ እናንተ! ጥርቅም አድርጎ ያዛት!

ወንዙም ደጃፋቸው ደርሶ ቆመ እንዳትሉ፤ ይሄውና እስከ ዛሬ መንገደኛ ይሸኛል።

ተረቴን ለጎረቤት ንገሩ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። እርጎ ጨምሮ ያመጣ ደግሞ ይባረክ!