የሾላው ፍርድ

አንድ ጊዜ ከባድ ጥፋት ሠርቻለሁ። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ሳለሁ፣ አቶ ኮጪቶ የሚባሉ ገበሬ ደጃቸው ላይ ያለውን ሾላ አሳዩኝ። «ያፈራል፤ ሲያብብ ግን አይተን አናውቅም። ምን ይሆን?» አሉኝ። አላውቅም ለማለት አፍሬ፣ «በሽታ ነው፤ ወደ ቡናዎ ሳይዛመት ይቁረጡት» አልኳቸው። አምነውኝ ቆረጡት። እውነቱን ያወቅሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ለእሳቸው ልነግራቸው ያልቻልኩትን ለእናንተ በእንስሳት አፍ ልንገራችሁ።

ዝናብ በማይለየው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። በላዩ ላይ ጉሬዛ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ሌላው ዛፍ ሁሉ ባዶውን ሲቀር ሾላው ያፈራል፤ ልጇ ከረሃብ የሚተርፈው በዚያ ፍሬ ነው። ቀበሮ ደግሞ ከሥር እየተንጎራደደ ትንሿን ጉሬዛ አንጋጦ ያያል። እናቲቱ መሬት አትረግጥም። ዛፉ ከሌለ ግን መርገጧ አይቀርም።

ስለዚህ ቀበሮ ወደ አንበሳ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ደኑ ውስጥ ሌባ ገብቷል።»

«ማን ነው እሱ?»

«ሾላ! ዛፍ ሁሉ መጀመሪያ ያብባል፣ ከዚያ ያፈራል። ይኼ ሳያብብ ነው የሚያፈራው። ከየት አምጥቶ?»

አንበሳ ግራ ገብቶት ቀበሮን ተከትሎ ሾላው ሥር መጣ። ንብን አስጠርቶ ጠየቃት።

«ያልቀሰምኩት አበባ የለም፤ የሾላ አበባ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም» አለች ንብ። እውነቷን ነበር።

«ደግሞ ይመልከቱ» አለ ቀበሮ፤ «ፍሬ ቅርንጫፍ ላይ ነው እንጂ እንዲህ ግንድ ላይ ይንዠረገጋል? ሰርቆ የለጠፈው ነው። ሙጫውም ይኸውልዎ!» ግንዱን በጥፍሩ ሲጭረው ነጭ ወተት ፈሰሰ።

«ኧረ ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲሁ ነው!» አለች ጉሬዛ ከላይ።

«አበባውን አይተሻል?» አላት አንበሳ።

«አላየሁም፤ ግን...»

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። «ሌባ ነው እንዳልል እግር የለውም። አይደለም እንዳልል ሙጫው እጄ ላይ ነው። አያ ጅቦ! ሦስት ቀን ፍሬውን አንድ በአንድ መርምር። አበባ ካጣህ የግንዱን ቅርፊት ዙሪያውን ገሽልጠው፤ ይድረቅ።»

ጅብ መረመረ። ማለትም በላ። አንዱንም ሳይነክስ በድፍኑ ዋጠው። በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ ተነሣና ቅርፊቱን ዙሪያውን ገሸለጠው።

አንበሳ መጣ። «አበባ አገኘህ?»

«ከውጭም ከውስጥም አጣሁ፣ ጌታዬ።»

«ከውስጥ በምን አየኸው?»

«በሆዴ!»

«ሆድ ምን ያያል!» ብላ ጉሬዛ ከተረፉት ፍሬዎች አንዱን ለሁለት ከፍላ ወረወረችለት። አንበሳ አጎንብሶ አየ። የፍሬው ውስጥ ዙሪያውን ከጤፍ ቅንጣት በማይበልጡ አበቦች ተሞልቷል። መካከላቸው ክንፏ የረገፈ፣ ከጉንዳን ያነሰች ተርብ ተቀምጣለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የአበባው እንግዳ ነኝ» አለች። «በሩ ጠባብ ነው፤ ስገባ ክንፌ ደጅ ይቀራል። ሾላ የሚያብበው ውስጥ ለውስጥ ነው። ማን ጠየቀኝና!»

«ታዲያ ፍሬ ነው ብዬ ስበላ የኖርኩት አበባ ነው እንዴ?» አለች ጉሬዛ ግራ ተጋብታ።

«ቅርፊቱን መልሱለት!» ብሎ አገሳ አንበሳ።

ጅብ ቅርፊቱን አንሥቶ በነጩ ወተት ለጠፈው። ወደቀ። እንደገና ለጠፈው። እንደገና ወደቀ። «ሙጫ ነው ስትል አልነበረም እንዴ?» አለው ቀበሮን። ቀበሮ ግን አንጋጦ ትንሿን ጉሬዛ ያይ ነበር።

ውሎ አድሮ ቅጠሉ ረገፈ፤ ፍሬውም ጠወለገ። ጉሬዛ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ መሬት ረገጠች። ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሲዘል አንበሳ መካከል ገብቶ አባረረው። ከዚያ አብረው መንገድ ጀመሩ።

«ወዴት ነው የምንሄደው፣ ጌታዬ?» አለች ጉሬዛ። «ልጄ ርቧታል።»

«እኔም አላውቅም» አለ ዳኛው።

ከዚህ የምንማረው «አላውቅም» የሚለው ቃል የሚጠቅመው ከፍርድ በፊት ሲነገር እንጂ ዛፉ ከደረቀ በኋላ እንዳልሆነ ነው።

እባካችሁ፣ በእሳቸው ፈንታ ይቅር በሉኝ።