ጅቡ በወግ የወሰደው ዋሻ

አንድ ጊዜ በወገራ ደጋ፣ ቤተ እስራኤሎች በሚኖሩባት አንዲት መንደር አጠገብ፣ የሰማችውን ነገር ሁሉ ካልመረመርሁ የምትል ቀበሮ ነበረች። ዶሮ ፍለጋ ወደ መንደሩ ብቅ ያለችበት ዕለት ሰንበት ነበርና ሰዉ ሁሉ ጸሎት ቤት ተሰብስቦ ነበር። ቀበሮዋ ከአጥሩ ሥር ተጋድማ ጆሮዋን አቆመች። ቄሱ ኦሪቱን እየተረጎሙ፣ የባልንጀራን ቤትም ሆነ በሬ፣ አህያም ቢሆን፣ መመኘት ክልክል መሆኑን ያስረዳሉ።

ቀበሮዋ ዶሮውን ረሳችው።

«መስረቅ ክልክል ነው ቢሉኝ ይገባኛል» አለች ለራሷ። «እጅ ይታሰራል። ልብ ግን በምን ይታሰራል? ደግሞስ ምኞት ማንን ይጎዳል?»

ይህን እያብሰለሰለች ወደ ሸለቆዋ ስትወርድ ጅቡን አገኘችው። አንዲት አህያ ከምትኖርበት ዋሻ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ለሃጩን ያዝረበርባል። ዋሻው ወለሉ ደረቅ፣ አፉ ወደ ፀሐይ መውጫ የዞረ፣ ዝናብ የማይደርስበት ነው። አህያይቱ እርጉዝ ነበረች፤ ክረምቱ ሲገባ ውርንጭላዋን እዚያ ልትወልድ አስባለች።

«አያ ጅቦ፣ ምን ሆነሃል?» አለችው ቀበሮዋ።

«ይህን ዋሻ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ያንተስ ጉድጓድ?»

«የኔማ የኔ ነው። ይሄ ግን የሷ ነው!»

የቀበሮዋ ዓይን በራ። ያብሰለሰለችውን ጥያቄ የምትፈትንበት አገኘች።

«እንግዲያው ስማኝ» አለችው። «በጉልበት እንዳትነካት። አያ አንበሶ በዚህ ሸለቆ ደም ያፈሰሰም የሰረቀም ይባረራል ብለዋል። በወግ ጠይቃት። በምትኩ ጉድጓድህን ከነመስኩ ስጣት። ወዳ ከሰጠችህ ማን ይከስሃል?»

ጅቡ ሄዶ ጠየቀ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ» አለች አህያይቱ። «እኔ ግን ቤቴን አልለውጥም።»

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላም አልቀረም። ጠዋት ስትወጣ ደጃፏ ላይ ነው፤ ውሃ ጠጥታ ስትመለስም ደጃፏ ላይ ነው። ክፉ ቃል አይወጣውም። «አሰብሽበት?» ብቻ ይላታል፤ ሲላት ግን ጥርሱ ይታያል። ይህ አልበቃው ብሎ ጦጣንና ከርከሮን ሽማግሌ አድርጎ ላከባት። «ከጎረቤት መቀያየም ምን ያደርግልሻል፣ እሜት አህያ?» አሏት።

ቀበሮዋ ከቋጥኝ ላይ ሆና ሁሉንም ትመለከታለች። አህያይቱ ሣር መጋጥ ስትተው፣ ጎኗ እየገባ ሲሄድ አየች። «ግን እኮ ማንም አልነካትም» አለች፤ አባባሏ ለራሷም አልጣማትም።

በመጨረሻ አህያይቱ አንገቷን ደፍታ፣ «እሺ፣ ውሰደው» አለችና ወጣች።

ክረምቱ ገባ። የጅቡ ጉድጓድ ከወንዝ ዳር ነበርና የመጀመሪያው ጎርፍ ሞላው። ቀበሮዋ ነገሩ የት እንደደረሰ ልታይ ብትወርድ፣ አህያይቱን ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ አገኘቻት። ምጥ ጀምሯታል።

«እሜት አህያ፣ ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

«እሺ ያለው አፌ ነው» አለች አህያይቱ እያቃሰተች። «ጅብ ደጄ ላይ እየዋለ ምን ልበል ኖሯል?»

ቀበሮዋ ጭራዋን ሸጉጣ ወደ አንበሳው ሮጠች።

አንበሳው በዚያው ዝናብ መጥቶ ጅቡን ከዋሻው አስጠራው።

«ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ጅቡ። «አልሰረቅሁ፣ አልነከስሁ። ምትኩን ሰጥቻለሁ። እሷም እሺ ብላለች፤ ሽማግሌዎቹ ምስክሮቼ ናቸው!»

«መጀመሪያ ስትጠይቃት ምን አለችህ?»

«አልለውጥም አለችኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ወደ ቤትህ አልሄድህም?»

ጅቡ ጆሮውን አከከ። «ልቤ አልሄድም አለኝ።»

«የኔም ልብ ስንት ነገር ያምረዋል» አለ አንበሳው። «ደጇ ድረስ የተመላለሰው ግን እግርህ ነው፤ ሽማግሌ የላከውም አፍህ ነው። ዋሻውን ያገኘኸው ፈቅዳልህ ሳይሆን እምቢ ማለት አቅቷት ነው። ልቀቅላት! ይህን ምክርስ ማን ሰጠህ?»

ጅቡ ወደ ቀበሮዋ ዞረ። ቀበሮዋ ቀድማው ተናገረች።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ምኞት ማንን እንደሚጎዳ ለማወቅ ብዬ ነው።»

«አወቅሽ?»

«አወቅሁ።»

«እንግዲያው አንቺና እሱ ግራና ቀኝ ደግፋችሁ አምጧት።»

ጅቡ እያጉረመረመ፣ ቀበሮዋ እየተንሸራተተች፣ አህያይቱን ከጭቃው አውጥተው ዳገቱን አወጧት። ዝናቡ ሳያባራ በደረቁ ወለል ላይ አንዲት ውርንጭላ ተወለደች፤ ገና በወጉ ሳትቆም እናቷን መፈለግ ጀመረች።

ጅቡ ከዋሻው አፍ ላይ ቆሞ አንገቱን አሰገገ። «እሜት አህያ፣ ልጅሽ እንዴት ታምራለች…»

«አያ ጅቦ!» አለች ቀበሮዋ።

«ምን አልሁ? ታምራለች ነው ያልሁት!»

ለሃጩን ዋጥ አደረገና፣ እየደጋገመ ዞር ብሎ እያየ፣ ከኮረብታው ጀርባ አዲስ ጉድጓድ ሊቆፍር ሄደ።

ከዚህ የምንማረው የሌላው ንብረት አምሮን ባለቤቱን ጨቅጭቀንና አስጨንቀን «እሺ» ካሰኘነው፣ ምትኩን ብንሰጠው እንኳ፣ ቀማነው እንጂ ፈቀደልን እንደማይባል ነው።